ፖኬሞን ፋየር ሬድ ገና ከጅምሩ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ ስለ ፖኬሞን ፋየር ሬድና ስለ መንትያው ሊፍ ግሪን ነው። ሁለቱም በ2004 ለጌም ቦይ አድቫንስ የወጡ፣ በ1996 ጃፓን ውስጥ የተጀመረው ጌም እድሳት ናቸው። ዛሬ ብዙ ሰው ስልኩ ላይ በኢሙሌተር (የጌም ማጫወቻውን በሚያስመስል አፕ) ይጫወታቸዋል። ችግር ይዞ የሚመጣብኝ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የቆመው ከፓሌት ታውን እስከ ላቬንደር ባለው መንገድ ላይ ነው። ፖኬሞን እንዴት እንደሚያዝ፣ ፖኬሞን ሴንተር ምን እንደሚሠራ፣ እሳት ለውኃ እንደሚሸነፍ ታውቃላችሁ ብዬ ልቀጥል።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ እንጨርስ።

ቪሪዲያን ላይ ሽማግሌው ወደ ሰሜን አያሳልፍም። ከሱቁ የተቀበላችሁትን ዕቃ ለፕሮፌሰር ኦክ አላደረሳችሁም። ተመልሳችሁ ስጡት።

ገና አንድ ጂም (መሪውን አሸንፋችሁ ባጅ የምታገኙበት ቦታ) ሳላይ ተቀናቃኜ ደበደበኝ። ከቪሪዲያን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሩት 22 ሄዳችኋል። እዚያ ሌቨል 9 የሆኑ ሁለት ፖኬሞኖች ይዞ ይጠብቃችኋል። አሁኑኑ መግጠም ግዴታ አይደለም።

እርምጃው ኤሊ ነው። መሮጫ ጫማው የሚሰጣችሁ የፒውተር ጂም መሪ ብሮክን ካሸነፋችሁ በኋላ ከከተማዋ በምሥራቅ በኩል ስትወጡ ነው። እስከዚያ መታገሥ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ሴሩሊያን ሱቅ ያለው ቢስክሌት 1,000,000 ይላል። ገንዘብ አታጠራቅሙ! ጌሙ ከ999,999 በላይ መያዝ አይፈቅድም፤ ዋጋው ሆን ተብሎ የተቀመጠ ቀልድ ነው። አንድ ልጅ ናጌት (ለሽያጭ ብቻ የሚሆን ወርቅ) እየሸጠ፣ መድኃኒት መግዛት እንኳ ትቶ ሲቆጥብ ከርሞ ነው የመጣው። ቨርሚሊየን ውስጥ የፖኬሞን ፋን ክለብ ሊቀመንበር ራፒዳሽ ስለሚባለው ፖኬሞኑ የሚያወራውን አንድም ሳታቋርጡ ስሙት። ለወሬው ዋጋ የቢስክሌት ኩፖን ይሰጣችኋል፤ ይዛችሁ ወደ ሴሩሊያን ሱቅ ተመለሱ።

ሴሩሊያን ከተማ ውስጥ ታሰርኩ። ከማውንት ሙን ስትወጡ ከገደሏ ዘላችኋልና በዚያው መመለስ የለም። በደቡብ በኩል ደግሞ የተዘረፈው ቤት በር ላይ ፖሊስ ቆሟል። መፍትሄው በሰሜን ነው። ናጌት ብሪጅን አልፋችሁ ቢል የሚባለው ሰው ቤት ሂዱ፣ እርዱት፣ የመርከብ ትኬቱን ተቀበሉ። ስትመለሱ ፖሊሱ ከበሩ ዞር ብሏል። በቤቱ ውስጥ አልፋችሁ በጓሮ ውጡ፤ እዚያ ያለውን የሮኬት ሌባ ካሸነፋችሁ ዲግ የሚባለውን ቲኤም (ለፖኬሞን ምት የሚያስተምር ዕቃ) ይተውላችኋል። አትሽጡት።

ሳፍሮን በር ላይ ጠባቂው ጠማኝ ይላል። ሻይ ነው የሚፈልገው፤ የምትሰጣችሁ ሴሌዶን አፓርታማ ውስጥ ያለችው አሮጊት ናት። እስከዚያ ከመሬት በታች ባለው መተላለፊያ ተጠቀሙ።

ሴቭ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚጠፋው የሰው ልፋት ነው።

ስክሪኑ ላይ የ1 ሜጋ ሰርኪዩት ቦርድ አልተገጠመም የሚል እንግሊዝኛ ከመጣ ስልካችሁ አልተበላሸም። ኢሙሌተሩ የሴቭ መጠኑን 64 ብሎ ይዞታል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የሴቭ ዓይነቱን ፍላሽ 128 አድርጉት፣ ጌሙን ዝጉና ክፈቱ።

ሌላው በኢሙሌተሩ ሴቭ ስቴት (ጌሙን ባለበት ቅጽበት የሚይዝ ማስቀመጫ) እና በጌሙ በራሱ ሴቭ መካከል የሚመላለስ ሰው ነው። ዛሬ በጌሙ ሴቭ ያደርጋል፣ ነገ ያለፈውን ሳምንት ሴቭ ስቴት ይከፍታል፣ ከዚያ በላዩ ላይ ሴቭ ያደርግና "ፖኬሞኖቼ ጠፉ" ይላል። አልጠፉም፣ ራስህ ደመሰስካቸው። አንዱን ምረጡ፤ ምርጫችሁ የጌሙ ሴቭ ይሁን። በየገበያው የሚሸጠውን አስመስሎ የተሠራ ካርትሪጅ የገዛችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ፦ የእውነተኛው ፋየር ሬድ ሴቭ ባትሪ አይፈልግም፣ የብዙዎቹ አስመሳዮች ግን በትንሽ ባትሪ ነው የሚኖረው። ባትሪው ሲሞት ሴቩም አብሮ ይሞታል። ገንዘባችሁን አታባክኑ።

የቺት ኮድም አትንኩ። ግድግዳ አልፎ መሄድ፣ የማይያዘውን መያዝ፣ ሁሉም መጨረሻው ሳጥናችሁ ውስጥ ባድ ኤግ የሚባል የማይፈለፈል እንቁላል ማግኘት ነው። ባድ ኤግ ያለበት ሴቭ ይዛችሁ ወደ እኔ አትምጡ።

ዋናው ችግር፦ አንድ ፖኬሞን ብቻ ማሳደግ

አሁን ወደ ጉዳዩ። ይህ ችግር በብዙ ስም ነው የሚመጣው። "ብሮክን ማለፍ አቃተኝ"፣ "ሚስቲ ታጭበረብራለች"፣ "ዋሻው ውስጥ ጨለመብኝ"፣ "ዛፉ አልቆረጥ አለ"። እኔ ግን ቅሬታውን ሰምቼ ሳልጨርስ "ቡድንህን ክፈትና አሳየኝ" ነው የምለው። የማየውም ያው ነው፦ ከላይ ቻርሚሊየን ሌቨል 28፣ ከሥሩ ራታታ ሌቨል 4፣ ፒጂ ሌቨል 5፣ ካተርፒ ሌቨል 3። አንድ ጎረምሳና ሦስት ሕፃናት።

ምክንያቱ ከእናንተ ስንፍና ብቻ አይደለም። በአዳዲሶቹ ፖኬሞኖች፣ ለምሳሌ በ2019ኙ ሶርድና ሺልድ፣ ከውጊያ የሚገኘው ልምድ ሳይዋጋ ለተቀመጠውም ጭምር ይደርሳል። በእነዚያ የለመደ ሰው ፋየር ሬድ ላይም እንደዚያው ይመስለዋል። እዚህ ግን ልምድ የሚያገኘው ሜዳ ላይ የወጣ ብቻ ነው። ልምድ የሚያካፍለው ዕቃ ያለው ሩት 15 ነው፤ ያውም 50 ዓይነት ፖኬሞን ለያዘ ሰው። ከመንገዱ ግማሽ በላይ ካለፋችሁ በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ሁሌ ስታርተራችሁን (መጀመሪያ የመረጣችሁትን ፖኬሞን) የምታስቀድሙ ከሆነ የሚያድገው እሱ ብቻ ነው፤ ያደገው እሱ ስለሆነ ደግሞ ነገም እሱን ታስቀድማላችሁ።

በብሮክ እንጀምር። ጂዮዱድ ሌቨል 12፣ ኦኒክስ ሌቨል 14 ናቸው። ቡልባሶር ወይም ስኩዊርትል የመረጠ ሰው ሳያውቀው ያልፋል። ቻርማንደር የመረጠው ነው የሚያለቅሰው። እሳት ድንጋይን አያቃጥልምና ኤምበርን ደጋግማችሁ መጫን ጥቅም የለውም። ሁለት መንገድ አለ። ቻርማንደር ሌቨል 13 ሲደርስ ሜታል ክሎው ይማራል፤ ብረት ድንጋይን ይሰብራል። ወይም ያ የሸሻችሁት ሩት 22 ሣር ውስጥ ማንኪ አለ፤ ተፋላሚ ዓይነት ስለሆነ ለብሮክ ሁለቱም ፖኬሞኖች መድኃኒት ነው። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመክረው። ሜታል ክሎው ዛሬን ያሳልፋል፣ ነገ ግን ያው አንድ ፖኬሞን ነው ያላችሁ።

ነገ ማለት የሴሩሊያን ጂም መሪ ሚስቲ ናት። አንድ ልጅ ቻርሚሊየኑን (ያደገ ቻርማንደር ነው) ሌቨል 30 አድርሶ "ጋሼ፣ በዘጠኝ ሌቨል እበልጣታለሁ፣ እንዴት ታሸንፈኛለች?" ብሎኛል። ስታርሚ የሚባለው ፖኬሞኗ ሌቨል 21 ነው፣ እውነቱን ነው። ግን ዋተር ፐልስ እሳት ላይ እጥፍ ይመታል፤ አንዳንዴም ያደናግራል። የተደናገረው ቻርሚሊየን ራሱን ሲመታ፣ እሷ ሪከቨር ብላ ጤናዋን ስትሞላ፣ ሌቨሉ ምን ይሠራል? ልጁ ግን ወደ ሣሩ ተመልሶ ቻርሚሊየኑን ሌላ ሁለት ሌቨል ሊጨምር ተነሣ። ስልኩን ቀምቼ ነው ያስቆምኩት።

መፍትሄው ከጂሙ ጥቂት እርምጃ ላይ ነው። ከናጌት ብሪጅ በላይ፣ ሩት 24 እና 25 ሣር ውስጥ፣ ፋየር ሬድ ላይ ኦዲሽ፣ ሊፍ ግሪን ላይ ቤልስፕራውት ይገኛል። ሁለቱም ሣር ዓይነት ናቸው፤ የውኃው ምት ግማሹ ብቻ ይደርሳቸዋል። "ስታርሚ ሳይኪክ ነው፣ ኦዲሽ መርዝ ስለሆነ ይሞታል" የሚል ፈላስፋ ይመጣል። የሚስቲ ስታርሚ አንድም የሳይኪክ ምት አያውቅም፤ አትፍሩ። ቤልስፕራውት ቫይን ዊፕ ስላለው ሥራው ቀላል ነው። የኦዲሽ አብዞርብ ግን ደካማ ነው፤ እናንተ ስትመቱ እሷ ሪከቨር እያለች ቀኑ ይመሻል። ስለዚህ ኦዲሹን ሌቨል 18 አድርሱትና ስሊፕ ፓውደር ይማር። ስታርሚን አስተኝታችሁ ምቱ። ከቪሪዲያን ደን ያቺን ብርቅ ፒካቹ የያዛችሁ ካላችሁ ሌላ ምንም አያስፈልጋችሁም።

ደካማውን እንዴት ላሳድግ ለሚለው፦ ከፊት አስቀምጡት፣ ውጊያው እንደተጀመረ ቀይሩና ጎበዙን አውጡ። እስካልወደቀ ድረስ ልምዱ ለሁለቱ እኩል ይካፈላል። ይህን ብቻ ናጌት ብሪጅ ላይ ካሉት ተጋጣሚዎች ጋር ብታደርጉ ኦዲሻችሁ ሰው ይሆናል። ቨርሚሊየን ስትደርሱ ፖኬሞን ሴንተር ውስጥ ያለችው ሴት ቪኤስ ሲከር ትሰጣችኋለች፤ 100 እርምጃ በተራመዳችሁ ቁጥር ያሸነፋችኋቸውን መልሳችሁ መግጠም ትችላላችሁ። ሣር ለሣር መንከራተት እዚያ ላይ ያበቃል።

ይኸው በሽታ መንገዱንም ይዘጋል

ብዙ ሰው የማይገባው ይህ ነው። ፋየር ሬድ ውስጥ መንገድ የሚከፈተው በኤችኤም (ዛፍ እንደ መቁረጥ ባሉ ልዩ ምቶች) ነው፤ ኤችኤም የሚያርፈው ፖኬሞን ላይ ነው። አንድ ፖኬሞን ብቻ ያለው ሰው ሁሉንም እሱ ላይ ይጭናል። ከኤስ ኤስ አን መርከብ ካፒቴን የተቀበሉትን ዛፍ ቆራጩን ከት ለቻርሚሊየን ያስተምሩታል። ቆይተው ፍላይን፣ ከዚያ ስትሬንግዝን። አንዴ ቻርዛርዱ ከት፣ ፍላይ፣ ስትሬንግዝና ኤምበር ብቻ የሚያውቅ ሰው አይቻለሁ፤ ዘንዶ አሳድጎ ዛፍ ቆራጭ አደረገው። እንደ ሌላው ምት ኤችኤምን በላዩ ላይ ሌላ በማስተማር መሰረዝ አይቻልም። የሚያስረሳው ሰው ፉሺያ ከተማ ነው ያለው፤ እሱ ጋ ለመድረስ ደግሞ ብዙ መንገድ ይቀራችኋል።

ስለዚህ፦ ስታርተራችሁን ከት አታስተምሩት። አታስተምሩት። ያ ኦዲሽ ወይም ቤልስፕራውት ከትም ፍላሽም (ጨለማ ዋሻ የሚያበራው ምት) ይማራል፤ ሁለቱንም ለእሱ ስጡት። ቨርሚሊየን ውስጥ ደግሞ ስፒሮው ስጡኝና ፋርፈችድ ልስጣችሁ የሚል ሰው አለ፤ ያ ወፍ ከትም ፍላይም ይማራል፣ በውጊያ ግን ብዙ አትጠብቁበት። በልውውጥ የመጣ ፖኬሞን ባጃችሁ ከሚፈቅደው ሌቨል በላይ ካደገ አይታዘዝም፤ የሚስቲ ባጅ እስከ 30 ድረስ ነው የሚበቃው። ሌላ አንድ ነገር፦ ከት ዛፍ የሚቆርጠው የሚስቲን ባጅ ከያዛችሁ ብቻ ነው። "ምቱ አለኝ፣ ዛፉ አልቆረጥ አለ" ካላችሁ መጀመሪያ ባጃችሁን እዩ።

የመጨረሻው ሮክ ተነል ነው። ጨለማ ነው፣ በእናንተ ዙሪያ ካለችው ትንሽ ክብ በስተቀር ምንም አይታይም። ያለ ፍላሽ ማለፍ ይቻላል፤ ስለሚቻልም ሁሉም ይሞክራል። አንድ ሰው ብቸኛ ቻርሚሊየኑን ይዞ ገባ፤ በመንገዱ ያለውን ተጋጣሚ ሁሉ ገጠመ፤ መሃል ላይ የሁሉም ምት ፒፒ (ምቱን ስንት ጊዜ መጠቀም እንደሚቻል የሚቆጥረው) አለቀ። ከዚያ በኋላ ቻርሚሊየኑ የሚያውቀው ስትራግል ብቻ ነበር፤ ይህ ደግሞ ራስንም ይጎዳል። ዲግ የሚያውቅ ፖኬሞን ቢኖረው በአንድ ጊዜ ከዋሻው ይወጣ ነበር። ቲኤሙን ሽጦታል።

ፍላሽ የት ነው? ሩት 2 ላይ የፕሮፌሰር ኦክ ረዳት ጋ ነው፤ 10 ዓይነት ፖኬሞን ለያዘ ብቻ ይሰጣል። አንድ ብቻ የሚያሳድገው ሰው እዚህም ይቀረቀራል፤ ሌላውን የመያዝ ልማድ የለውምና። መንገዱ እንዲህ ነው፦ ከቨርሚሊየን ወደ ምሥራቅ ሩት 11፣ በዲግሌት ኬቭ ገብታችሁ በሌላው ጫፍ ውጡ፣ ፒውተር አጠገብ ትደርሳላችሁ። ዛፉን ቁረጡ፣ ወደ ደቡብ ውረዱ፣ ረዳቱ ቤቱ ውስጥ ነው። ዋሻው ውስጥ ስታልፉ አንድ ዲግሌት ያዙ፤ ለቨርሚሊየኑ ጂም መሪ ለሌፍተናንት ሰርጅ መሬት ዓይነት ያስፈልጋችኋል፤ የመብረቅ ምት ጨርሶ አይነካውም። ዕድል ከቀናችሁ ዳግትሪዮ (ያደገ ዲግሌት) ይመጣል፤ ሌቨሉ ከሰርጅ ራይቹ 24 በላይ ነው። ኳስ በደንብ ይዛችሁ ግቡ።

ሮክ ተነል ከመግባታችሁ በፊት ሰሜን በር ላይ ያለው ፖኬሞን ሴንተር ውስጥ ፖኬሞኖቻችሁን ሁሉ አሳክሙ። ሪፔል ግዙ፤ 350 ነው፣ 100 እርምጃ ይቆያል። የሚያባርረው ግን ከፊት ካለው ፖኬሞናችሁ በሌቨል የሚያንሱትን ብቻ ነው። ሌቨል 5 ፒጂ ከፊት አስቀምጦ "ሪፔሉ አይሠራም" የሚለኝ ሰው ሪፔሉን ትቶ የፓርቲውን ቅደም ተከተል ያስተካክል።