ኤችኦኤ ያለበት ሰፈር ውስጥ የበረንዳ በር ሲያስቸግር

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ታውንሃውስ የገዛ አበሻ የኤችኦኤን (የቤት ባለቤቶች ማኅበርን) ደብዳቤ ሳያውቅ አይቀርም። የቆሻሻ ገንዳው ውጭ አደረ፣ ሣሩ ረዘመ እያለ የሚመጣውን ማለቴ ነው። ወደ በረንዳ የሚያወጣውን ተንሸራታች የመስታወት በር ማኅበሩን ሳይጠይቁ ሲቀይሩ ግን ነገሩ ኪስ ድረስ ይዘልቃል። መጀመሪያ በሩን እንየው፤ ምናልባት መቀየር አያስፈልገውም።

በሩ አልንሸራተት ካለ

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሮለሮቹ (በሩ የሚንከባለልባቸው ትንንሽ ጎማዎች) ነው። ፀጉርና አሸዋ ይጠቀለልባቸዋል። ትራኩን (በሩ የሚሄድበትን ሐዲድ) በቫኪዩም ያጽዱ። ከዚያ በበሩ ጠርዝ ግርጌ ባለው ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብተው ብሎኑን ሲያዞሩት በሩ ከፍ ይላል። ቁልፉ አልገጥም ብሎ ከነበረም አብሮ ሊስተካከል ይችላል። ሮለሩ ካለቀ እሱን ብቻ ይለውጡ። ለዚህ ማንንም ማስፈቀድ የለብዎትም።

ዝናብ ሲጥል ውሃ ከገባ

ትራኩ በውጭ በኩል ውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች አሉት። ሲደፈኑ ውሃው ወደ ሳሎን ይዞራል። በቀጭን ሽቦ ይክፈቷቸው።

በሁለቱ መስታወት መሃል ጉም ከታየ

የመስታወቱ ማሸጊያ ለቋል ማለት ነው። ቢወለውሉት አይለቅም። ፍሬሙ ደህና ከሆነ መስታወቱ ብቻ ይቀየራል። ታዲያ አዲሱ ከጎኑ ካለው ጋር አንድ ዓይነት የመስታወት ቅብ (ኮቲንግ) እንዲኖረው ለባለሙያው ይንገሩት፤ አለዚያ ከውጭ ሲያዩት አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ግራጫ ይመስላል።

ማመልከቻዎ ከተመለሰ

ፍሬሙ በስብሶ መቀየሩ ግድ ከሆነ ለኤችኦኤው የፈቃድ ማመልከቻ ማስገባት ይኖርብዎታል። እኔ አንዴ የተመለሰብኝ «ነጭ» ብዬ በመጻፌ ብቻ ነው። ነጭ ስንት ዓይነት ነው! የሚፈልጉት ፋብሪካው ለቀለሙ የሰጠውን ስም፣ የበሩን ልክ፣ መስታወቱን የሚከፋፍሉት መስመሮች መኖር አለመኖራቸውን፣ የአሁኑን በር ፎቶና የአዲሱን ብሮሸር ነው። ኮንዶ ከሆነ ደግሞ በሩ የማን እንደሆነ ዲክላሬሽኑ (የማኅበሩ መመሥረቻ ሰነድ) ላይ ያንብቡ፤ ወጪው የማኅበሩ ሊሆን ይችላል። የካውንቲ ፈቃድና የኤችኦኤ ፈቃድ ለየቅል ናቸው። ደግሞ ፈቃዱ በጽሑፍ እጅዎ ሳይገባ ለኮንትራክተር ቀብድ አይክፈሉ። በልክ የተሠራ በር ማንም አይመልስልዎትም።

ካስገጠሙ በኋላ ደብዳቤ ከመጣ

ዝም አይበሉ። ዘግይቶም ቢሆን ማመልከቻ ያስገቡ። የጎደለው መስታወቱን የሚከፋፍለው መስመር ብቻ ከሆነ በላዩ ላይ የሚገጠም ይቀበሉ እንደሆነ ይጠይቁ። ነጩን የቪኒል (የፕላስቲክ) ፍሬም ራሴ ጥቁር ቡናማ ልቀባው ብለው ግን አይነሱ፤ ፀሐይ ሲመታው ሊጣመም ይችላል፣ ዋስትናውም ሊቀር ይችላል። በቨርጂኒያ ሕግ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ከመቅጣቱ በፊት ቀርበው የሚናገሩበት ስብሰባ ሊሰጥዎት ይገባል። ቅጣቱም ጣሪያ አለው፦ ለአንድ ጊዜ ጥፋት 50 ዶላር፣ ለሚቀጥል ጥፋት በቀን 10 ዶላር፣ ያውም ከ90 ቀን ሳያልፍ። ማኅበሩ ግን በሩ ይነሳ ብሎ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።