ውሃ ውሃ ይል የነበረው ራስቤሪ እንዴት ጣፈጠ

የራስቤሪዬ ቅጠል ያምር ነበር፣ ፍሬውም ትልልቅ ነው። ሲበላ ግን ውሃ ውሃ ይላል። ነገሩን ያበላሸው ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያና የአገዳዎቹ መጨናነቅ ነው። ናይትሮጅን ሲበዛ ተክሉ ጉልበቱን ቅጠል ላይ ያውላል፤ ቅጠሉ ደግሞ እርስ በርሱ ይጋረዳል። ስኳሩን የሚሠራው ፀሐይ ያገኘ ቅጠል ነው።

ስለዚህ ማዳበሪያውን ትቼ ሥሩን በደንብ በበሰበሰ ኮምፖስት ብቻ አለበስኩት። ከዚያ መቀስ አነሳሁ። የእኔ ዝርያ የሚያፈራው ሁለተኛ ዓመቱን በያዘ አገዳ ላይ ነው። አፍርቶ የጨረሰውን ከመሬት ቆረጥኩት። ከአዲሶቹ ጠንካሮቹን በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት አስቀርቼ ሽቦ ላይ አሰርኳቸው። (አዲሱን አገዳ አደራ እንዳትቆርጡት! የሚቀጥለው ዓመት ፍሬ የሚመጣው እሱ ላይ ነው።) ፍሬው ሲያብጥ ውሃ አላጓደልኩም፤ መቅላት ሲጀምር ግን ቀነስኩ።

በቀጣዩ ወቅት ፍሬው ትንሽ አነሰ፣ ጣዕሙ ግን ሌላ ሆነ። በጣም ነው ደስ ያለኝ!

ለቀማው ላይም አትቸኩሉ። ራስቤሪ ከተለቀመ በኋላ ጣፋጭነቱ አይጨምርም። መቅላቱ ብቻ አይበቃም፤ ነካ ሲያደርጉት ከእምብርቱ (ፍሬውን ከመሃል ከያዘው ነጭ ክፍል) ውልቅ ማለት አለበት። እንጆሪም ያው ነው፤ አንገቱ ጋ ነጭ ከሆነ ይቆይ።