የኮሶን ማስረጃ እንዴት እንመዝናለን?

ባለፈው ክረምት አንዲት አዛውንት ጎረቤቴ በጋዜጣ የተጠቀለለ ኮሶ ይዘው ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጡ። ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር የደረቀ የአበባ ዘለላ ነው። «ልጄ፣ አንተ ማስረጃ ማስረጃ ትላለህ፤ እኔ ጠጥቼው ትሉ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጋለህ?» አሉኝ። ያዩትን አይተዋል፤ አልተከራከርኳቸውም። ስለ አንድ ባህላዊ መድኃኒት «በሳይንስ ተረጋግጧል» ሲባል ስትሰሙ እንዴት እንደምትመረምሩት በዚሁ በኮሶ ላሳያችሁ።

በቅድሚያ አባባሉን አጥብቡት። የትኛው የተክሉ ክፍል? ለየትኛው በሽታ? የኮሶ ዛፍ ወንዴና ሴቴ አለው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴዋ ቀላ ያለ አበባ ነው። የሚጠጣውም ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ የከብት ሥጋ ከመብላት ለሚመጣው የኮሶ ትል ነው። በቅጠሉ ወይም በቅርፊቱ ላይ የተሠራ ጥናት ስለ አበባው አይመሰክርም።

ቀጥሎ በምን ላይ እንደተሞከረ ጠይቁ። በብርጭቆ ውስጥ ትል የገደለ ጭማቂ፣ ሰው ሆድ ገብቶ በጨጓራና በአንጀት ፈሳሽ ከተበረዘ በኋላ ያንኑ ላይሠራ ይችላል። ኮሶን ግን ሰው ለዘመናት ጠጥቶታል፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም አውሮፓ ድረስ ተሻግሮ በመድኃኒት መዝገቦች ሰፍሯል። ኬሚስቶች ኮሶቶክሲንን የመሰሉ ንጥረ ነገሮች ለይተውበታል። አፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ያንቋሽሹ ነበር፤ እኔ ግን ኮሶ ሻጭ የዘመኑ መድኃኒት ቤት ነበረች ባይ ነኝ።

አሁን ረጋ በሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ዳነ» የተባለው በምን ተለክቶ ነው? ጎረቤቴን «እማማ፣ የትሉን ራስ አይተውታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የኮሶ ትል ብዙ ሜትር ይረዝማል፤ ራሱ ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በአራት መምጠጫዎች ከትንሹ አንጀት ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። አካሉ ተበጥሶ ወጥቶ ራሱ ከቀረ፣ ከአንገቱ አዳዲስ ቁራጮች እያበቀለ በሦስት ወር ገደማ ውስጥ ተመልሶ ይታያል። እማማም ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ «እኔስ በየሁለት ወሩ ነው የምጠጣው» አሉኝ። ቀድሞም ኮሶ በየሁለት ወሩ መጠጣት ልማድ የነበረው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ስለዚህ የወጣውን ትል ማየት ግማሽ ማስረጃ ነው፤ ሌላው ግማሽ ከሦስት ወር በኋላ በሰገራ ምርመራ ቁራጭም እንቁላልም ሲታጣ ይገኛል። ጥናት ስታነቡም ሕመምተኞቹን ለስንት ጊዜ እንደተከታተሏቸው ፈልጉ። በማግስቱ ቆጥሮ «ፈወሰ» የሚል ጽሑፍ እኔን አያሳምነኝም።

ጥቅሙን በፈለጋችሁበት ትጋት ጉዳቱንም ፈልጉ። ትሉን የሚያሽመደምደው ነገር ጠጪውንም ሊመርዝ ይችላል። ማስመለስና ተቅማጥ የተለመደ ነው፤ ከኮሶ መመረዝ የመጣ የዓይን ጉዳትም እ.ኤ.አ. በ1969 በሐኪሞች ተዘግቧል። ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም። መጠኑ ደግሞ በእፍኝ ነው፤ እፍኝ ከእፍኝ ይለያያል፤ የአበባው ኃይልም ከዛፍ ዛፍና እንደ አደራረቁ እኩል አይሆንም።

በመጨረሻም አሁን በእጃችን ካለው መድኃኒት ጋር አስተያዩት። ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴል ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በኪሎ ክብደት ተሰልቶ አንድ ጊዜ ብቻ ይወሰዳል። መጠኑ የታወቀ፣ ውጤቱም በክትትል የተለካ ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት እያለ መጠኑ የማይታወቅ ኮሶ መጠጣትን አልመክርም፤ የኮሶ አበባ ግን በደንብ ሊጠና ይገባዋል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

እማማን ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው። በማግስቱ ክኒኑን ሊወስዱ ተመልሰው ሲመጡ ከሦስት ወር በኋላ ሰገራ የሚሰጡበትን ቀን በማሸጊያው ላይ በትልቁ ጻፍኩላቸው። በጋዜጣ የተጠቀለለውን ኮሶ እኔ ዘንድ ተዉት፤ ቤታቸው ነፍሰ ጡር ምራት አለቻቸው።