የጋራ ወንዝን በጋራ ማስተዳደር፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ትልቅ ከተማና በዙሪያው ያሉ ከተሞች አንድ ወንዝ ሲጋሩ ጭቅጭቁ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የላይኞቹ ይለቃሉ፣ የታችኞቹ ይቀበላሉ። መፍትሔው ሲጠየቅ ሁሉም "ተባብረን እንሥራ" ይላል። ይህን የሚቃወም የለም። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። (ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ገንዘብም ሥልጣንም የሌለው ኮሚቴ ማቋቋም

ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል። ብዙ መሥሪያ ቤት ይጠራል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ሻይ ይጠጣል፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ይቆረጣል። ተወካዮቹም በየጊዜው ይቀያየራሉ። የመጣውም ሰው "ለአለቃዬ አቀርባለሁ" ከማለት ያለፈ መብት የለውም። እንዲህ ያለው ኮሚቴ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ወንዙ ግን አያውቀውም።

በጀርመን የሩር ኢንዱስትሪ አካባቢ የሆነው ሌላ ነው። ከሰል ሲቆፈር መሬቱ እየሰመጠ ስላስቸገረ የፍሳሽ ቱቦ መቅበር አልተቻለም። የኤምሸር ወንዝ ራሱ ክፍት የፍሳሽ ቦይ ሆነ። አንድ ከተማ ብቻውን የሚወጣው ነገር አልነበረም። በ1899 ከተሞቹ፣ ማዕድን ማውጫዎቹና ፋብሪካዎቹ በግዴታ አባል ሆነው መዋጮ የሚከፍሉበት ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ ዛሬም አለ። ማዕድን ቁፋሮው ከአካባቢው ሲርቅ፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ፍሳሹን ወደ ቱቦ ማስገባት ጀመረ። በ2021 መጨረሻ ኤምሸር ከፍሳሽ ነፃ ሆነ። ሥራው ከ5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ፈጅቷል። በየዓመቱ የሚገባ መዋጮ ባይኖር ኖሮ ሠላሳ ዓመት የሚፈጅ ሥራ ማን ይጀምር ነበር?

ፈረንሳይም በ1964 ሕግ አወጣች። አገሪቱን በስድስት ተፋሰሶች ከፍላ፣ ውኃ የሚወስደውና የሚበክለው ሁሉ እንዲከፍል አደረገች። ገንዘቡ ተመልሶ ለዚያው ተፋሰስ ሥራ ይውላል። ስለዚህ ኮሚቴ ከመሰየማችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ አስፍሩ። ማን ይከፍላል? ያልከፈለው ምን ይደረጋል? ውሳኔው እነማንን ያስገድዳል?

ውኃውን ከመሬቱ መነጠል

ብራዚል በ1997 ባወጣችው ሕግ መንግሥት፣ ውኃ ተጠቃሚዎችና ሲቪል ማኅበራት በአንድ የተፋሰስ ኮሚቴ ይቀመጣሉ። በወረቀት ሲታይ ጥሩ ነው። ነገር ግን መሬት የሚያስተዳድረው እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት ነው። ሳኦ ፓውሎ ከምትጠጣባቸው ሰው ሠራሽ ሐይቆች አንዱ የሆነው የጓራፒራንጋ ዳርቻ ፍሳሽ ማስወገጃ በሌላቸው መንደሮች የተሞላው፣ ስለ ውኃው የሚወስነውና ስለ ቤቱ የሚወስነው የተለያየ ስለሆነ ጭምር ነው። የከተማ ፕላን ቢሮው የሌለበት የወንዝ ስብሰባ ግማሹን ችግር ውጭ ጥሎ የተሰበሰበ ነው።

በዮኮሃማ በኩል የሚያልፈው የጃፓኑ ፁሩሚ ወንዝ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ተፋሰሱ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ቤት በቤት ሆነ። ስለዚህ ከ1980 ጀምሮ የወንዙ የጎርፍ መከላከያና የመሬት አጠቃቀሙ አብረው ይታቀዱ ጀመር። ጎርፍ የሚጠራቀምበት ሰፊ ሜዳ ተዘጋጀ፤ ትልቁ ስታዲየም እዚያው ላይ በምሰሶ ቆመ። በ2019 ኃይለኛ አውሎ ነፋስ መጥቶ ሜዳው ውኃ ሞላ። በማግስቱ ስታዲየሙ ውስጥ የራግቢ ዓለም ዋንጫ ጨዋታ ተካሄደ።

ላይኛውን አካባቢ "በነፃ ጠብቅልኝ" ማለት

ገበሬው ማዳበሪያ እንዲቀንስ፣ መንደሩ እንዳይስፋፋ ይታዘዛል። ጥቅሙ ግን የከተማው ነው። ኒውዮርክ አብዛኛውን የመጠጥ ውኃዋን የምታገኘው ርቀው ካሉት የካትስኪልና የደላዌር ተፋሰሶች ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደንብ ልትጭን ስትል የላይኞቹ ከተሞች ተባብረው ተነሱባት። በ1997 ግን ስምምነት ላይ ተደረሰ። ከተማዋ የመጸዳጃ ጉድጓድ ጥገናና የእርሻ ማሻሻያ ወጪ ትሸፍናለች፤ መሬትም የምትገዛው ለመሸጥ ከፈቀደ ሰው ብቻ ነው። በዚህም በቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የሚያስወጣ የማጣሪያ ጣቢያ ከመሥራት ዳነች። እዚህ ላይ ቸርነት የለም፣ ሒሳብ ነው።

ወንዝ ዳር ያለውን ነዋሪ በመጨረሻ መጥራት

ውሳኔው ካለቀ በኋላ "ግንዛቤ ለማስጨበጥ" የሚጠራ ሰው ተባባሪ አይሆንም። በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ የማታንሳ ሪያቹዌሎ ወንዝን ብክለት ፍርድ ቤት ያደረሱት ነዋሪዎች ናቸው፣ በ2004። ሦስቱ የመንግሥት እርከኖች አብረው የሚቀመጡበት የተፋሰስ ባለሥልጣን የተቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ በ2006 ነው። በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዕቅዱ እንዲፈጸም አዘዘ። ሲቪል ማኅበራት እንዲከታተሉ አደረገ፣ የባለሥልጣኑን ኃላፊም በግሉ ሊቀጣ እንደሚችል አስጠነቀቀ። እንዲያም ሆኖ ሥራው ተጓቷል፤ ቤተሰቦችን ከዳርቻው አንስቶ ማስፈሩ ብቻውን ዓመታት ወስዷል።

የማይለካ ግብ ማስቀመጥ

በ1986 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ። እሳቱ የጠፋበት ውኃ መርዙን ይዞ ራይን ወንዝ ገባ፤ ዓሣው በገፍ አለቀ። በማግስቱ ዓመት ራይን የሚያልፍባቸው አገሮች ያስቀመጡት ግብ ለማንም የሚገባ ነበር፦ ሳልሞን የተባለው ዓሣ እስከ 2000 ወደ ወንዙ ይመለስ። "የወንዙን ሁኔታ ማሻሻል" ብለው ቢጽፉ ኖሮ መከራከሪያ እንጂ መለኪያ አይሆንም ነበር። የእናንተም ዕቅድ "ንጹሕ ወንዝ" የሚል ከሆነ፣ የትኛው ድልድይ ሥር፣ በየስንት ጊዜው፣ ማን እንደሚለካ ጻፉበት። ውጤቱም ለላይኛውም ለታችኛውም በአንድ ቀን ይድረስ።