ከከተማ ምክር ቤት ወደ ኩዊንስ ፓርክ፦ የኦንታሪዮ የከተማ ተመራጭ የሚሄድበት መንገድ

በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ያለ ፓርቲ የሚካሄድ በመሆኑ፣ ወደ ግዛቱ ምክር ቤት (በተለምዶ ኩዊንስ ፓርክ) መሻገር የሚፈልግ የከተማ ተመራጭ በቅድሚያ የሚጎድለው ሕዝብ ሳይሆን ፓርቲ ነው። የሕጉ መስፈርት ከባድ አይደለም፤ 18 ዓመት የሞላውና በግዛቱ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ካናዳዊ ዜጋ ከምርጫ ክልሉ 25 መራጮችን አስፈርሞ በዕጩነት መቅረብ ይችላል። በግል መወዳደርም ይፈቀዳል፤ 124ቱ መቀመጫዎች ግን ከጥቂቶቹ በቀር በፓርቲ ዕጩዎች ይያዛሉ።

ስለዚህ ዋናው ፉክክር ፓርቲው በምርጫ ክልሉ ዕጩውን የሚመርጥበት ስብሰባ ነው። በዚያ ድምፅ የሚሰጡት የተመዘገቡ አባላት ብቻ ናቸው። ተመራጩ ደጋፊዎቹን የአባልነት ምዝገባው ከመዘጋቱ አስቀድሞ ማስመዝገብ አለበት፤ ይህ ሥራ ወራት የሚፈጅና፣ በእኔ ግምት፣ ብዙዎች አቅልለው የሚያዩት ነው። መናፈሻው ስለታደሰለት የሚያመሰግነው ጎረቤት የተቀናቃኙ ፓርቲ አባል ሊሆን ስለሚችል፣ ምስጋናን እንደ ድምፅ መቁጠር አያዋጣም። የፓርቲው መሪ ያለ ስብሰባ ዕጩ የሚሰይምበት ጊዜም ስላለ፣ ዘመቻ ከመጀመሩ በፊት ፓርቲውን በግልጽ መጠየቅ ይገባል። ፓርቲዎች ዕጩን ሲያጣሩ የቀድሞ ንግግሮቹንና በምክር ቤት የሰጣቸውን ድምፆች ይመረምራሉና ማብራሪያውን ቀድሞ ማዘጋጀት ይበጃል።

የድንበር ጉዳይም አለ። በቶሮንቶ ከ2018 ወዲህ 25ቱ የከተማ ቀበሌዎች (የከተማ ተመራጮች የሚመረጡባቸው ክፍሎች) ከግዛቱ የምርጫ ክልሎች ጋር ስለሚገጣጠሙ ተመራጩ መራጮቹን ያውቃቸዋል፤ በሌሎች ከተሞች ግን ቀበሌው ብዙውን ጊዜ የምርጫ ክልሉ ቁራሽ ብቻ ነው።

በቅስቀሳው ቆሻሻ ማንሳትን ትቶ ሆስፒታልን፣ ትምህርትንና የቤት ግንባታ ሕግን ማንሳት ያስፈልጋል። የከተማ ሥልጣን ምንጩ ግዛቱ መሆኑን ማስረዳትም ይጠቅማል፦ በ2018 የኦንታሪዮ መንግሥት ወደ 47 ሊያድግ የነበረውን የቶሮንቶ ምክር ቤት ቀበሌዎች ቁጥር በምርጫ ዘመቻ መካከል ወደ 25 ቀንሶታል፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2021 ውሳኔውን አጽንቷል።

መዋጮ መሰብሰብ የሚጀመረው በግዛቱ የምርጫ አስፈጻሚ ከተመዘገቡ በኋላ ሲሆን፣ ከ2017 ጀምሮ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት መስጠት አይችሉም። የከተማውን ጽሕፈት ቤትና ሠራተኞች ለዘመቻው መጠቀም ፈጽሞ አይገባም።

በ2022 ክሪስቲን ዎንግ ታም እና ማይክል ፎርድ በተለያዩ ፓርቲዎች ከቶሮንቶ ምክር ቤት ወደ ኩዊንስ ፓርክ ገብተዋል። ሁለቱን ወንበሮች ደርቦ መያዝ ስለማይቻል፣ ያሸነፈ ተመራጭ የከተማውን ይለቃል፤ ከተማውም ክፍቱን ቦታ በሹመት ወይም በማሟያ ምርጫ ይሞላል።