ዘረመል፣ ጣትና ዓለት መውጣት፦ ለሐዋሳ ጀማሪዎች

ኤሲቲኤን-3 የሚባለው ዘረመል በፈጣን የጡንቻ ክሮች ውስጥ አልፋ-አክቲኒን-3 የተባለውን ፕሮቲን ያሠራል። ከሁለቱም ወላጆቹ «ኤክስ» የሚባለውን ቅጂ የወረሰ ሰው ፕሮቲኑን አያመርትም፤ በሽታ ግን አይደለም። «አር» ቅጂ ያለው ለቅጽበታዊ ጉልበት በትንሹ ያደላል። በትንሹ ነው፤ በዚህ ዘረመል ምርመራ ልጅን ለዓለት መውጣት መምረጥ አያዋጣም፣ ገንዘቡን ለጥሩ ጫማ አውሉት።

ጣት ግን ይሠለጥናል። 20 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው የእንጨት ጠርዝ ክብደታችሁን በሚችል ወፍራም አግዳሚ ላይ በብሎን እሰሩ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ ሹል ከሆነ ቆዳ ይልጣል። 15 ደቂቃ ሰውነታችሁን አሟሙቁና ጠርዙን በጣቶቻችሁ ይዛችሁ 10 ሰከንድ ተንጠልጠሉ፣ 3 ደቂቃ እረፉ። 5 ዙር ይበቃል። ክብደቱ ከበዳችሁ እግራችሁን ወንበር ላይ አሳርፉ። በሳምንት 2 ቀን ብቻ፣ በመካከሉ ቢያንስ 48 ሰዓት እረፍት። በሐዋሳ ቀትር እጅ ስለሚያልብ ማለዳ ይሻላል።

ጡንቻ በሳምንታት ሲጠነክር ጅማት ወራት ይፈልጋል፤ ብዙ ጉዳት የሚመጣው በዚህ ክፍተት ነው። የቀለበት ጣት ሥሩ «ጧ» ብሎ ካበጠ ወዲያው አቁሙ፣ አታሹት፣ ሐኪም ይየው።