ልጄ በእርግጥ ተሽሎታል? የሽንት ማምለጥ ሕክምና ያመጣውን ለውጥ በቤት ውስጥ እንዴት እንለካለን

ልጄ ሰባት ዓመት ሞልቶትም አልጋው ላይ ይሸና ነበር። በደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ የረጠበ ብርድ ልብስ ማድረቅ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ሕክምና በጀመረ በወሩ ሐኪሙ "እንዴት ነው?" ሲለኝ "ኧረ ተሽሎታል!" አልኩ። ከስንት ወደ ስንት? አላውቅም። ትዝ ያሉኝ የመጨረሻዎቹ ሦስት ደረቅ ሌሊቶች ብቻ ነበሩ። በኔ ቃል ሕክምናው ቆመ፤ ብዙም ሳይቆይ እንደድሮው ሆነ።

ስለዚህ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ቁጠሩ። 14 ሌሊት። የግድግዳ ካላንደር ይበቃል፤ የስልክ አፕ አያስፈልግም። ደረቅ ከሆነ ክብ፣ ከረጠበ ጭረት። ሌሊት ቀስቅሳችሁ ያሸናችሁት ከሆነ ለብቻው ምልክት አድርጉበት። እሱን ደረቅ ብሎ መቁጠር ራስን ማታለል ነው።

ምልክቱን ልጁ ራሱ ያድርግ። ደግሞ አትቆጡት። እኔ አንድ ጠዋት ጮህኩበት። ከዚያ በኋላ የረጠበውን ልብስ አልጋ ሥር መደበቅ ጀመረ። ካላንደሩ በክብ ተሞላ፣ እኔም ደስ አለኝ። ሽታው ነው ያጋለጠው። ልጅ ከፈራ ቁጥሩ ውሸት ይሆናል።

ቀን የሚያመልጠው ከሆነ ቅዳሜና እሁድ ሽንቱን በመለኪያ ለኩ። መለኪያ ከሌለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ላይ መስመር አስምሩ። ዕድሜው ላይ 1 ደምሩና በ30 አባዙ፤ ለሰባት ዓመት ልጅ 240 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ፊኛው በግምት ይህን ያህል መያዝ አለበት። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ግን እዚህ አትቁጠሩ። ሰገራውንም መዝግቡ፤ የሆድ ድርቀት ፊኛን ይጫናል።

ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ እንደገና 14 ሌሊት ቆጥራችሁ አወዳድሩ። ከ10 የረጠቡ ሌሊቶች ወደ 6 ከወረደ ቅናሹ 40 በመቶ ነው። ደስ ይላል፣ ግን ከ50 በመቶ በታች ስለሆነ በሕክምናው ዓለም ገና "ምላሽ" አይባልም። ወደ 4 ሲወርድ 60 በመቶ፣ ከፊል ምላሽ ይሆናል። ሙሉ የሚባለው ዜሮ ሲገባ ነው። ሕክምናው ከቆመ በኋላም መቁጠሩን አትተዉ፤ በወር ከአንድ ጊዜ በላይ ካመለጠው ችግሩ ተመልሷል ማለት ነው።

ከቁጥሩ ጎን ልጁን ጠይቁት፦ "አሁን ምን ማድረግ ትፈልጋለህ?" የኔ ልጅ ሕክምናውን እንደገና ጀምሮ ከ10 ወደ 4 ወርዶም አንኮበር አያቱ ቤት ማደር አልደፈረም። ይህንንም ካላንደሩ ጥግ ላይ ጽፌ ለሐኪሙ አሳየሁት። ሕክምናውን ሳያቋርጥ የቀጠለው በዚያ ምክንያት ነው።